የጣሪያ ውኃ ከግቢ ሳይወጣ፦ በግል ይዞታ የዝናብ ውኃን በአረንጓዴ መሠረተ ልማት ስለመያዝ

በሐምሌና በነሐሴ በአዲስ አበባ የሚጥለው ዶፍ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይጀምርና ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መንገዱን ጅረት አድርጎት ያልፋል። ጎርፉን ያየ ነዋሪ የመፋሰሻ ቦዩን ጥበት ወይም በቆሻሻ መደፈኑን ያማርራል፤ ምሬቱም ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ይሁንና በቦዩ ውስጥ ከሚጎርፈው ውኃ ቀላል የማይባለው ድርሻ የሚነሣው ከመንገዱ ሳይሆን ከየመኖሪያ ቤቱ ጣሪያና ሲሚንቶ ከለበሰው ግቢ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 3,000 ሊትር፣ ማለትም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ሲሰፈር 15 በርሜል ውኃ ይወርዳል። ጥቂቱ ተረጭቶና ተንኖ ቢቀር እንኳ 12 በርሜል ያህሉ በአሸንዳው በኩል ወደ መሬት ይደርሳል። በአንድ መንደር ውስጥ እንዲህ ያሉ 50 ቤቶች ቢኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ወደ አንድ ቦይ የሚላከው የጣሪያ ውኃ ብቻ 600 በርሜል ይሆናል። ግቢው አፈርና ሣር በነበረበት ዘመን ከዚህ ውኃ ብዙው በየግቢው ይሰርግ፣ የቀረውም በዝግታ ይወርድ ነበር። ግቢው በሊሾ፣ በታይልስ ወይም በኮንክሪት ሲሸፈን ግን ውኃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ በር ይሮጣል።

የከተማዋ አቀማመጥ ጉዳዩን ያባብሰዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ካለው የእንጦጦ ሰንሰለት ተነሥቶ በደቡብ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ እስከሚለው የአቃቂ ሜዳ ድረስ መሬቱ ያዘነበለ ነው። የቀበና፣ የግንፍሌ፣ የቀጨኔና የሌሎችም ወንዞች ውኃ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ተጠቃልሎ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስለዚህ ከላይኛው ሰፈር የተለቀቀ ውኃ ከታች ያለ ሰው ቤት ደጃፍ መድረሱ አይቀርም፤ በወንዝ ዳርቻ የሚኖሩ ቤተሰቦች ሌሊቱን ነቅተው የሚያድሩት በራሳቸው ጣሪያ ላይ ለወረደው ዝናብ ብቻ አይደለም።

አረንጓዴ መሠረተ ልማት ሲባል

አረንጓዴ መሠረተ ልማት የዝናብ ውኃን በቱቦና በቦይ ቶሎ ከማስወገድ ይልቅ በወረደበት አካባቢ እንዲቆይ፣ ወደ አፈር እንዲሰርግ፣ በእጽዋት እንዲመጠጥ ወይም ለአገልግሎት እንዲውል የሚያደርጉ ሥራዎች የጋራ መጠሪያ ነው። ዝናብ ተቀባይ የአትክልት ስፍራ፣ ውኃ የሚያሰርግ ንጣፍ፣ በጠጠር የተሞላ የማስረጊያ ቦይ፣ ዛፍ፣ እንዲሁም ከእነዚህ ጋር ተያይዞ የሚሠራ የጣሪያ ውኃ ማጠራቀሚያ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ስያሜው አዲስ ቢሆንም አሳቡ ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ እርከን ውኃንና አፈርን በየማሳው ሲይዝ ኖሯል፤ በሶማሌ ክልል ብርካ የሚባለው የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ የዝናብ ጎርፍን ለበጋ ያቆያል፤ በአክሱም የሚገኘው ማይ ሹምም ውኃን አቁሮ ለማቆየት የተሠራ ጥንታዊ ሥራ ነው። ልዩነቱ በከተማ ውስጥ ቦታው ጠባብ፣ ጎረቤቱም ቅርብ መሆኑ ነው።

ሌሎች ከተሞችም የግል ግቢን በዚህ ሥራ ውስጥ አስገብተዋል። በአሜሪካ የፖርትላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2011 በተካሄደ መርሐ ግብር፣ በፍሳሽ መስመር ላይ የተገጠሙ ከ50,000 በላይ የአሸንዳ መውረጃዎች ተነቅለው ውኃቸው ወደ ግቢ አፈርና ሣር እንዲዞር ተደርጓል። በጀርመን በርሊን ደግሞ ባለይዞታዎች የዝናብ ውኃ ክፍያ የሚፈጽሙት ወደ ፍሳሽ መስመር ውኃ በሚልከው የተሸፈነ ይዞታቸው ስፋት ልክ ስለሆነ፣ ሲሚንቶውን አንሥቶ አፈር ያደረገ ሰው ክፍያው ይቀንስለታል። በኢትዮጵያ ከተሞች ነዋሪው ለዚህ ሥራ የሚያነሣሣው ምክንያት ቀረብ ያለ ነው፤ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር በነጻ የወረደ ውኃ ከግቢ ሲወጣ ማየት ለማንም አይጥምም።

ማጠራቀሚያው ምን ያህል ይይዛል?

የአዲስ አበባ ዓመታዊ የዝናብ መጠን በአማካይ 1,100 ሚሊ ሜትርና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ስሌት 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሚወርድበት ዝናብ 80 በመቶው ቢሰበሰብ፣ በዓመት 88,000 ሊትር ይሰጣል። በቀን 250 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ ይህን ሁሉ ማስቀመጥ ቢችል ለዓመት የቀረበ ጊዜ በበቃው ነበር። ነገር ግን ማስቀመጥ አይችልም። ግማሽ ያህሉ ዝናብ የሚወርደው በክረምቱ እምብርት ባሉት ሁለት ወራት ነው፤ በብዙ ግቢ ውስጥ የሚቆመው የፕላስቲክ ታንከር፣ በተለምዶ ሮቶ የሚባለው፣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 5,000 ሊትር የሚይዝ ነው። ባለ 2,000 ሊትሩ በአንድ ጥሩ ዝናብ ይሞላል፤ በቀን 100 ሊትር ለመጸዳጃ ቤትና ለልብስ እጥበት ቢቀዳለት በ20 ቀን ያልቃል። ስለዚህ ይህን መሰል ታንከር የበጋን ውኃ ያስቀምጥልኛል ብሎ መግዛት ቅር ያሰኛል። በትክክል የሚያገለግለው በክረምትና በበልግ ወራት የቧንቧ ውኃ ፈረቃ ሲራዘም ክፍተቱን ለመሙላት ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነገር አለ። የሞላ ታንከር ጎርፍ አይቀንስም። ቤተሰቡ ውኃው እንዳያልቅበት ታንከሩን ሙሉ አድርጎ ማቆየት ይፈልጋል፤ ጎርፍን ለመከላከል ደግሞ የሚቀጥለው ዝናብ ሲመጣ ታንከሩ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱ ፍላጎቶች ይጋጫሉ። በነሐሴ ወር ዝናብ በየቀኑ በሚጥልበት ሳምንት ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የሚወርደው ውኃ በሙሉ በታንከሩ አናት ፈስሶ ወደ ነበረበት መንገድ ይመለሳል። መፍትሔው ታንከሩን ብቻውን አለማቆም ነው፤ የትርፍ ውኃ መውጫው ወደ በር ወይም ወደ ጎረቤት ሳይሆን ወደ አትክልት ስፍራ እንዲመራ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በክረምት ወራት ደግሞ ከታንከሩ የሚቀዳውን ውኃ ሳይሰስቱ መጠቀም ይመከራል፤ የቧንቧውን ለመጠጥና ለምግብ አስቀምጦ የዝናቡን ለእጥበት፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለጽዳት ማዋል ለሁለቱም ዓላማ ይበጃል።

አሸንዳው ወደ ታንከሩ በመጠነኛ ቁልቁለት ያዘነበለ፣ መውረጃውም በወንፊት የተሸፈነ ይሁን። ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ፣ የወፍ ኩስና ቅጠል አጥቦ ስለሚወርድ ወደ ታንከሩ መግባት የለበትም። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር ያህል፣ ማለትም ለ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ 50 ሊትር ገደማ፣ መጀመሪያ እንዲፈስስ ማድረግ ይበቃል። ይህም የመውረጃ ቱቦውን ለጊዜው ወደ ውጭ በማዞር ወይም ከታንከሩ በፊት ከታች ክዳን ያለው ሰፊ ቱቦ አቁሞ መጀመሪያ እርሱ እንዲሞላ በማድረግ ይፈጸማል። ይህ ሁሉ ቢደረግም የጣሪያ ውኃ ሳይፈላ ወይም በሌላ የታወቀ መንገድ ሳይታከም ለመጠጥ መዋል የለበትም።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ባለ 2,000 ሊትር ታንከር ሲሞላ ከሁለት ቶን በላይ ይከብዳል። የሚቆምበት መደብ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት የተሠራና የተስተካከለ መሆን አለበት፤ ከአጥር ግንብ ጥግ በእንጨት ርብራብ ላይ የተሰቀለ ታንከር ለሕይወት አደገኛ ነው። የዝናብ ውኃ መስመርም ከመንግሥት የቧንቧ መስመር ጋር በምንም ዓይነት መገናኘት የለበትም። ፈረቃው ሲዞርና በዋናው መስመር ውስጥ ግፊት ሲጠፋ ከታንከሩ የተመለሰ ውኃ ወደ መስመሩ ገብቶ የአንድን ሰፈር ሕዝብ የመጠጥ ውኃ ሊበክል ይችላል።

ዝናብ ተቀባይ የአትክልት ስፍራ

ከታንከር የተረፈውንም ሆነ በቀጥታ ከአሸንዳ የሚወርደውን ውኃ ለመቀበል ከሁሉ የሚቀለው ሥራ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የተቆፈረ፣ እጽዋት የለበሰ የአትክልት መደብ ነው። የተለመደው የአትክልት መደብ ከግቢው ወለል ከፍ ብሎ በድንጋይ ስለሚታጠር ውኃው ዙሪያውን ያልፈዋል፤ ይህኛው ግን ውኃው ወደ እርሱ እንዲገባ ዝቅ ይላል። ስፋቱ ከሚቀበለው ጣሪያ ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ የ12 ካሬ ሜትር መደብ በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 1,800 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ከላይ በምሳሌነት ከተጠቀሰው ዶፍ ከግማሽ በላይ ነው። ሥራው ዶማ፣ አካፋና ሁለት ቀን ይጠይቃል። የተቆፈረው አፈር ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ቢመለስና ከሥሩ ሬድ አሽ ወይም ጠጠር ቢነጠፍ የመቀበል አቅሙ ይጨምራል።

በመደቡ መካከል፣ ውኃው በሚቆይበት ሥፍራ፣ እርጥበት የሚወድዱ እንደ ቄጠማ ያሉ ተክሎች ይስማማሉ። ውኃው ፈጥኖ በሚያልፍበት ጠርዝ ላይ ግራዋ፣ ሰንሰል፣ ኮባ ወይም እንሰት መትከል ይቻላል። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል ተብሎ በጠባብ ግቢ ውስጥ መትከል ግን አይመከርም፤ ሥሩ ከአጥርም ከቤት መሠረትም ጋር ይታገላል። በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ወዲህ በየግቢው የተተከሉ ችግኞችም በዙሪያቸው ያለው ሲሚንቶ ከፈት ተደርጎ የአሸንዳ ውኃ ቢመራላቸው በበጋ የሚደርስባቸው ጥም ይቀንሳል።

አፈሩን ሳያውቁ መቆፈር

ይህ ሥራ ጉዳት የሚያስከትልበት ሁኔታም አለ፤ እርሱም ከአፈር ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። በሰሜኑ የከተማዋ ክፍል በብዛት የሚገኘው ቀይ አፈር ውኃን በመጠኑ ያሰርጋል። በቦሌ፣ በአቃቂ ቃሊቲና በሌሎችም ሜዳማ አካባቢዎች በብዛት የሚታየው ጥቁር መረሬ ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅም ተሰንጥቆ ይኮማተራል፤ በክረምት አንዴ ከጠገበ ውኃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ከቤት መሠረት አጠገብ ውኃ ማስረግ መሠረቱን በክረምት ወደ ላይ መግፋት፣ በበጋም ማስመጥ ነው። በግድግዳ ላይ በየዓመቱ እየሰፉ የሚሄዱ ስንጥቆች በብዙ ቤቶች የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተሠራ ማስረጊያ ሳይሆን መውረጃ ቱቦ የሌለው አሸንዳ ከግድግዳው ሥር ያለማቋረጥ የሚያፈስሰው ውኃ ነው።

ስለዚህ ከመቆፈር በፊት አፈሩን መፈተን ያስፈልጋል። ለመደቡ በታሰበው ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ወርድና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ በውኃ መሙላትና እስኪሰርግ መጠበቅ፣ ከዚያም እንደገና ሞልቶ በማግስቱ ማየት ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ውኃው ከጠፋ ቦታው ይሆናል፤ ካልጠፋ አይሆንም። ፈተናው መደረግ ያለበት አፈሩ በራሰበት ወቅት ነው። ጥቁር አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ የፈሰሰበትን ውኃ በስንጥቁ በኩል ቶሎ ስለሚውጥ፣ በመጋቢት የተደረገ ፈተና ጥሩ መስሎ ይታይና በሐምሌ ግቢው ኩሬ ሆኖ ይገኛል።

አፈሩ ለማስረግ የሚመች ቢሆንም ርቀት መጠበቅ አለበት። ዝናብ ተቀባዩ መደብ ከቤት መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር፣ በጠጠር የተሞላ ጥልቅ የማስረጊያ ጉድጓድ ደግሞ 5 ሜትር ያህል ቢርቅ ይመከራል፤ የጎረቤት ቤት መሠረትም በዚሁ ልክ ይቆጠራል። ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ከሴፕቲክ ታንክ አጠገብ ውኃ ማስረግ ጉድጓዱ ሞልቶ እንዲገነፍልና ቆሻሻው በአፈር ውስጥ እንዲዛመት ያደርጋል፤ በግቢው ወይም በአጎራባች ግቢ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ካለ ደግሞ ጥንቃቄው ይጠብቃል።

እነዚህን ርቀቶች የሚያነብ፣ 100 ወይም 150 ካሬ ሜትር ይዞታ ያለው ነዋሪ ለእርሱ የሚሆን ነገር እንደሌለ ሊሰማው ይችላል። በእርግጥም በጠባብ ግቢና በጥቁር አፈር ላይ ውኃ ለማስረግ መሞከር አያዋጣም። በዚያ ሁኔታ የሚሻለው ውኃውን ማዘግየት ነው። ታንከሩን ከፍ ማድረግ፣ ከሥሩ ተደፍኖ የማፋሰሻ ቱቦ የተገጠመለት የአትክልት ሳጥን ከመውረጃው ሥር ማስቀመጥ፣ ትርፉንም በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ቦይ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ሰዓት ይወጣ የነበረው ውኃ በአምስት ወይም በስድስት ሰዓት ቢወጣ፣ ከታች ላለው ቦይ የሚያስገኘው እፎይታ ከሰረገ ውኃ ብዙም አያንስም።

የግቢ ንጣፍ

ግቢን ሙሉ በሙሉ ማንጠፍ የጽዳትና የምቾት ጥያቄ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በጭቃ ክረምትን መግፋት ማንም አይመርጥም። ነገር ግን መኪና የሚቆምበትና ሰው የሚመላለስበት ብቻ ተነጥፎ ቀሪው ሣር ወይም ጠጠር ቢሆን የሚቀር ነገር የለም። ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ ተደርድሮ መገጣጠሚያው በአሸዋ ወይም በደቃቅ ጠጠር ሲሞላ የተወሰነ ውኃ ያሰርጋል፤ መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ሲለሰን ግን ከሊሾ አይለይም። ብዙ ግንበኞች ሣር እንዳይበቅል በሚል መገጣጠሚያውን መለሰን ስለሚቀናቸው ባለቤቱ ፍላጎቱን አስቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል። በመካከላቸው ሣር የሚበቅልባቸው ክፍት ብሎኬቶችም ለመኪና ማቆሚያ ያገለግላሉ። ንጣፉ የሚያዘነብልበትን አቅጣጫ ከበሩ ወደ አትክልቱ መቀየር ደግሞ በሥራው ወቅት ከታሰበበት ያን ያህል ወጪ አይጨምርም።

ጎረቤትና የጋራ ይዞታ

የአሸንዳን ውኃ በግንብ ቀዳዳ ወደ ታችኛው ጎረቤት መልቀቅ በየሰፈሩ የጠብ ምክንያት ነው። ችግሩ የሚታየው ክረምት ከገባ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ለመቆፈርም ሆነ ለመስማማት አይመችም። በአንድ ተዳፋት ላይ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ከግንቦት በፊት ተነጋግረው፣ ከላይ ያለው የሚይዘውን ይዞ ትርፉ በማን በኩልና በየት እንደሚያልፍ ቢስማሙ ከእያንዳንዱ ግቢ የተነጠለ ሥራ የተሻለ ውጤት ይገኛል። ጉዳዩን በእድር ወይም በሰፈር ሽማግሌዎች ፊት መጨረስ በብዙ ቦታ ከክስ ይልቅ ፈጣን ነው። በጋራ ግቢ የሚኖሩ የቀበሌ ቤት ተከራዮችም አሸንዳ ከመቀየራቸው ወይም ከመቆፈራቸው በፊት ቤቱን የሚያስተዳድረውን አካል ማስፈቀድ አለባቸው፤ በበርሜል ውኃ መቀበልና በሳጥን አትክልት መትከል ግን ቤቱን ስለማይነካ ለመጀመር ይቀላል።

በኮንዶሚኒየም ጣሪያው፣ የውጭ መውረጃዎቹና ግቢው በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያ በመሆናቸው አንድ ነዋሪ ብቻውን መውረጃውን ማዞር አይችልም። ሐሳቡን ለማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ አቅርቦ ማስወሰን ይኖርበታል። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ሰፊ፣ በብሎኮች መካከል ያለው ክፍት ቦታም ከግል ግቢ የተሻለ ስለሆነ አንድ ማኅበር የሚሠራው አንድ መደብ የብዙ ግለሰቦችን ሥራ ሊተካ ይችላል።

በየትኛውም ይዞታ ቢሆን የጣሪያ ውኃ ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ መስመር ጋር መገናኘት የለበትም። መስመሩ ለቤት ፍሳሽ መጠን የተሠራ በመሆኑ የዝናብ ውኃ ሲጨመርበት በዝቅተኛው ሥፍራ ያለው ማንሆል ይፈነዳል፤ በመንገድ ላይና በሰው ደጃፍ የሚፈስሰውም ዝናብ ብቻ አይሆንም። በማያውቁት መንገድ የተገናኘ መውረጃ በግቢያቸው ያለ ባለይዞታዎች እንዲነቀል ማድረግ ይገባቸዋል።

ትንኝ፣ ልጆችና ጥገና

በቆላና በወይና ደጋ ከተሞች የሚኖሩ ነዋሪዎች ለውኃ ማጠራቀሚያ ክዳን የተለየ ትኩረት መስጠት አለባቸው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በድሬዳዋ የታየውን የደንጊ ወረርሽኝ ያዛመተችው ትንኝ የምትራባው በቤት ዙሪያ በሚጠራቀም ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው። በዚያው ከተማ በ2014 ዓ.ም. ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝም እንዲሁ በበርሜልና በታንከር ውኃ ትራባለች። ስለሆነም የታንከር ክዳን የማይከፈት፣ የአየርና የትርፍ ውኃ መውጫዎቹ በደቃቅ ወንፊት የተሸፈኑ፣ ክፍት በርሜሎችም በየሳምንቱ ተደፍተው የሚታጠቡ ይሁኑ። በዝናብ ተቀባይ መደብ ውስጥ ውኃ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ አፈሩ ደፍኗል ማለት ነውና ላዩ ተኮትኩቶ ብስባሽ ይጨመርበት።

የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ ያለው ግቢ አፉን ሕፃን ልጅ ሊያነሣው በማይችል ክዳን መዝጋትና መቆለፍ አለበት። ለአንድ ቀን ክፍት የተተወ ጉድጓድ በዓመታት ጥንቃቄ የሚካስ አይደለም። ሠራተኛም ቢሆን የተዘጋ ማጠራቀሚያን ለማጽዳት ብቻውን መውረድ የለበትም፤ አፉ አስቀድሞ ተከፍቶ አየር ሊገባበትና ከላይ የሚጠብቅ ሰው ሊኖር ይገባል።

አሸንዳና ወንፊት በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ከመክበዱ በፊት፣ መጽዳት አለባቸው፤ በክረምት መካከልም ቅጠል የሚያረግፍ ዛፍ አጠገብ ላለ ቤት አንድ ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። የታንከሩ ግርጌ ዝቃጭ በጥቅምት ይጠረጋል።

ፈቃድና ምክር

በርሜል ለማስቀመጥ፣ የአሸንዳን መውረጃ በግቢ ውስጥ ወደ አትክልት ለማዞር ወይም ጥልቀት የሌለው መደብ ለመቆፈር የሚያስፈልገው ከላይ የተዘረዘረውን ጥንቃቄ መከተል ነው። የመሬት ውስጥ ማጠራቀሚያ ለመገንባት፣ በጣሪያ ላይ አፈርና አትክልት ለመጫን፣ የድጋፍ ግንብ አጠገብ ለመቆፈር ወይም ከግቢ ውጭ ወዳለው የመፋሰሻ ቦይ አዲስ መስመር ለመቀጠል ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ፣ በክልል ከተሞችም በማዘጋጃ ቤቱ፣ ለግንባታ ፈቃድ አገልግሎት ጥያቄ ማቅረብ ይገባል። ጥያቄውን ሲያቀርቡ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታና ቤቱ፣ መጸዳጃ ጉድጓዱ፣ አጥሩና የታሰበው ሥራ ያሉበትን ቦታ ከነርቀታቸው የሚያሳይ ቀላል ንድፍ ይዞ መሄድ ከባለሙያው ጋር ለመግባባት ይረዳል። የአፈር ፈተናው ውጤትና የተደረገበት ወር በንድፉ ላይ ቢጻፍ ደግሞ ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጥያቄ አስቀድሞ ይመልሳል።